ጭልፊት የሆነው ልጅ፦ አስማትና እንስሳት ስለሚገናኙባቸው የወጣቶች ልቦለዶች

ስለ ንባብ እንድናገር ስትጋብዙኝ የርእሱን ምርጫ ለእኔ ስለተዋችሁልኝ አመሰግናለሁ። የመረጥሁት ብዙ ጊዜ «የልጆች ጨዋታ ነው» ተብሎ የሚታለፈውን፣ አስማትና እንስሳት የሚገናኙበትን የወጣቶች ፋንታሲ ልቦለድ ነው። የምናገረው እንደ ሃያሲ ብቻ አይደለም። እነዚህን መጻሕፍት ወድጄ አነባለሁ፤ ሌላውም ሰው ወድዶ ቢያነባቸው ደስ ይለኛል።

ዛሬ ላስረዳ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። እነዚህ ልቦለዶች ደስ የሚያሰኙን አንባቢውን ከራሱ ቆዳ አውጥተው በሌላ ፍጥረት ቆዳ ውስጥ ስለሚያኖሩት ነው። ጥሩዎቹ ግን ይህን ስጦታ በነፃ አይሰጡም፤ ዋጋ ያስከፍሉበታል። ደስታውና ዋጋው ከተነጣጠሉ መጽሐፉ ባዶ ይሆናል። ይህን ለማሳየት ሦስት ሥራዎችን በየተራ አነሣለሁ፤ የኧርሱላ ለ ጉዊንን፣ የፊሊፕ ፑልማንንና የቲ. ኤች. ዋይትን። ከዚያ ወላጆች ስለሚያነሡት ሥጋት እናገራለሁ። በመጨረሻም ነገሩ የአማርኛን ደራስያንና አንባብያን እንዴት እንደሚመለከት አነሣና አበቃለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

ወደ መጻሕፍቱ ከመግባቴ በፊት አንድ ልዩነት ላስቀምጥ። የሚናገር እንስሳ ለእኛ እንግዳ አይደለም። «ተረት ተረት፣ የላም በረት» እየተባለለት ያደገ ልጅ ጦጣ ስትሟገት፣ ጅብ ሲታለል ሰምቷል። ከበደ ሚካኤል በ«ታሪክና ምሳሌ» ስንቱን ተማሪ ከእንስሳት ጋር አወያይተዋል። ከዚያ በፊትም ከጽርእ ወደ ግእዝ የተመለሰው «ፊሳልጎስ» የአራዊትን ጠባይ እየዘረዘረ ምስጢር ያስተምር ነበር። ይሁን እንጂ በተረት ውስጥ ያለው እንስሳ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ሰብአዊ ጠባይ ወኪል ነው። ጅብ ሆዳምነትን ያሳያል፤ ምክሩ ከተነገረ በኋላ ሥራው ያበቃል። ዛሬ በማነሣቸው ልቦለዶች ግን እንስሳው ከምክሩ በኋላም አይሄድም። ይርበዋል፣ ይሸታል፣ ይፈራል፣ የራሱ ፈቃድ አለው፤ ባለታሪኩም በመጽሐፉ ርዝመት ሁሉ አብሮት መኖርን መማር አለበት። አንባቢውም እንደዚያው።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ሥራ ልነሣ። ኧርሱላ ለ ጉዊን በ1929 በካሊፎርኒያ፣ በርክሊ ከተማ ተወለደች። አባቷ አልፍሬድ ክሮበር የታወቀ የሥነ ሰብእ ምሁር ነበር። በ1968 «የኧርዝሲው አስማተኛ» የተባለውን ልቦለዷን አሳተመች። አንድ አሳታሚ ከፍ ላሉ ልጆች የሚሆን መጽሐፍ እንድትጽፍ ጠይቋት ነበር። እስከዚያ ድረስ በተረቱም በልቦለዱም የሚታወቀው አስማተኛ ጢሙ የነጣ ሽማግሌ ነው። እሷ ግን ሽማግሌዎቹ ጢም ሳያበቅሉ በፊት ምን እንደነበሩ፣ ጥበቡንም የት እንደተማሩ ማሰብ ያዘች። ጌድ የተባለው ወጣት ባለታሪኳ የተወለደው ከዚህ ጥያቄ ነው። ቆዳው ጠይም፣ የትውልድ ቦታው ተራራማ ደሴት፣ የልጅነት ሥራው ፍየል ጥበቃ ነው።

የመጽሐፉን መነሻ ትዕይንት ቀረብ ብለን እንየው። ልጁ ሰባት ዓመቱ ነው። አክስቱ የመንደሩ አስማተኛ ናት። አንዲት ፍየል ጣሪያ ላይ ወጥታ አልወርድ ስትል አክስቲቱ የሆነ ቃል ትጮኽባታለች፤ ፍየሏም ትወርዳለች። በማግስቱ ልጁ ፍየሎቹን ሊያግድ ተራራ ላይ ሲወጣ ትርጉሙን የማያውቀውን ያንን ቃል ይጮኻል። ፍየሎቹ ሁሉ ድምፅ ሳያሰሙ ይመጡና በቢጫ ዓይኖቻቸው እያዩት ዙሪያውን ይቆማሉ። ልጁ ይሥቃል፤ ቃሉን ይደግመዋል። አሁን ይገፉታል፣ ይጫኑታል፣ ሽታቸውና ሙቀታቸው ያፍነዋል፤ ሳቁ ወደ ፍርሃት ይለወጣል። ሮጦ ለማምለጥ ሲሞክርም አብረውት ይሮጣሉ። በማይታይ ገመድ እንደታሰሩ ሁሉ እሱን በመካከላቸው ይዘው ቁልቁል ወደ መንደሩ ይወርዳሉ። በመጨረሻ የምትፈታው አክስቱ ናት።

ደራሲዋ የመጽሐፉን ሐሳብ በሙሉ በዚህች አጭር ትዕይንት ውስጥ አስቀምጣዋለች። ልጁ መጥራት ችሏል፤ ማሰናበት አልቻለም። ኃይሉ በእጁ ነው፣ እውቀቱ ግን የለውም። በኧርዝሲ ዓለም አስማት የሚሠራው የእያንዳንዱን ፍጥረት እውነተኛ ስም በማወቅ ነው፤ ያን ለማወቅ ደግሞ ዓመታት የፈጀ ትዕግሥትና ትምህርት ያስፈልጋል። አንድን ወፍ ለመጥራት መጀመሪያ ያን ወፍ ማወቅ ግድ ይላል። የአስማት ትምህርት ቤት ያለባት የሮክ ደሴት መምህራን ለተማሪዎቻቸው ደጋግመው የሚነግሯቸውም ይህንኑ ነው፤ በዓለም ላይ አንዱን ነገር ስትለውጥ ሌላው ሁሉ ይነካል። አዳኝ ወፎች ወደ ጌድ ይቀርቡ ስለነበር የመጠሪያ ስሙ ጭልፊት ሆኗል። መጽሐፉም በኋላ ይህን መጠሪያ ከባድ ፈተና ያደርግበታል።

ጌድ በሰሜን ከሚገኝ ክፉ ቤተ መንግሥት ለማምለጥ ራሱን ወደ ጭልፊት ይለውጣል። እዚህ ላይ ማንኛውም ወጣት አንባቢ ልቡ በደስታ ይዘላል። ክንፍ አለን፣ ባሕሩ ከበታቻችን ነው፣ ጠላት አይደርስብንም። ነገር ግን መርከቦች ብዙ ቀን የሚፈጅባቸውን ባሕር በቁጣና በጭንቀት ሲያቋርጥ ሰውነቱ ቀስ በቀስ ይረሳዋል። ከመምህሩ ከኦግዮን ደጃፍ ሲደርስ በሽማግሌው እጅ ላይ ያረፈው እውነተኛ ጭልፊት ነው፤ መናገር አይችልም፣ ዓይኑ የወፍ ዓይን ነው። ኦግዮን ያውቀዋል፤ በጥበቡና በትዕግሥቱ ወደ ሰውነት ይመልሰዋል። በዚያው ምዕራፍ ደራሲዋ ድብ መሆን የሚያስደስተውን አንድ አስማተኛ ታነሣለች። ሰውዬው ድብነቱን ከማብዛቱ የተነሣ በመጨረሻ ድብ ሆኖ ቀረ፤ የገዛ ልጁንም ገደለ። አሁን ወደ ነጥቤ ልመለስ። የመብረር ደስታው እውነተኛ ነው፣ ደራሲዋም አትነፍገንም። ደስታውን እውነተኛ የሚያደርገው ግን ጭልፊትነቱ እውነተኛ ጭልፊትነት መሆኑ ነው፤ ልብስ ቢሆን ኖሮ ማውለቁ ቀላል ነበር።

ከጌድ ጋር የምትኖር ኦታክ የምትባል ትንሽ የዱር እንስሳም አለች። ጌድ የሚሞትን ሕፃን ለመመለስ ሲል መንፈሱ ወደ ሙታን አገር ዘልቆ በድን ሆኖ በወደቀ ጊዜ ያነቃችው እሷ ናት። ምንም አስማት አልሠራችም። የቆሰለ ጓደኛዋን በደመ ነፍስ እንደምትልስ እንስሳ ሁሉ ላሰችው፤ በዚያ ንክኪ ተመለሰ። ጌድ በኋላ ሲያስበው ጥበብ ማለት ከሌሎች ሕያዋን ፍጥረታት ራስን አለመለየት መሆኑን ይረዳል። ታላቁ አስማተኛ ያልቻለውን ድምፅ የሌላት ትንሽ እንስሳ ቻለችው። በወጣትነት ይህን ያነበበ ሰው ስለ ጥንካሬ ያለው ግምት እንደነበረ ይቀራል ብዬ አላምንም።

ወደ ሁለተኛው ሥራ እንለፍ። እስካሁን ሰው እንስሳ ሲሆን አየን፤ ፊሊፕ ፑልማን ደግሞ ጉዳዩን ገለበጠው። በ1995 «የሰሜን ብርሃናት» በሚል ርእስ በጀመረውና በ2000 ባጠናቀቀው ባለ ሦስት ቅጽ ልቦለድ ውስጥ የእያንዳንዱ ሰው ነፍስ ከሰውነቱ ውጭ በእንስሳ መልክ ትኖራለች። ፑልማን ይህን ፍጡር ዴመን ይለዋል። የባለታሪኳ የላይራ ዴመን ፓንታላይሞን ይባላል፤ ሲፈራ የእሳት እራት፣ ሲቆጣ የዱር ድመት፣ ሲተኛ እንደ አንገት ልብስ አንገቷ ላይ የሚጠመጠም ትንሽ አውሬ ይሆናል። ሰውና ዴመኑ ብዙ ርቀው መሄድ አይችሉም፤ ቢሞክሩ ሁለቱንም ያማቸዋል። የሌላን ሰው ዴመን በእጅ መንካት ደግሞ ማንም ሳይነግረው እያንዳንዱ ሰው የሚያውቀው ነውር ነው።

የፈጠራው ዋና ጥበብ ከዕድሜ ጋር የተያያዘው ሕግ ነው። የልጅ ዴመን መልኩን እንደፈለገ ይለዋውጣል። ልጁ ወደ ጉልምስና ሲደርስ ግን ዴመኑ በአንድ መልክ ይረጋል፤ ከዚያ በኋላ አይለወጥም። መርከብ ላይ አንድ ሽማግሌ ባሕረኛ ይህን ለላይራ ያስረዳታል። እሷ መለወጡ እንዲቀጥል ትፈልጋለች፤ እሱ ግን ዴመንሽ ሲረጋ ማን እንደሆንሽ ታውቂያለሽ ይላታል። ነፍሱ አንበሳ ትሆንለት ዘንድ ተመኝቶ ለማዳ ውሻ የሆነችበት ሰው እንደሚኖርም አይደብቃትም፤ እንዲህ ያለው ሰው በተሰጠው እስኪረካ ድረስ ሲጨነቅ ይኖራል። ለአሥራ አራትና ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ከዚህ የቀረበ ጉዳይ ምን አለ? ምን ልሁን፣ ማን ነኝ፣ የሆንሁትን ብጠላውስ? ወጣቶች እነዚህን ጥያቄዎች ፊት ለፊት ሲጠየቁ ዝም ይላሉ። የፓንታላይሞን መጨረሻ ምን ይሆን የሚለውን ግን ከጓደኞቻቸው ጋር እስከ ሌሊት ሲከራከሩ ያድራሉ፤ የሚከራከሩትም ስለ ራሳቸው ነው።

ዋጋውስ? ፑልማን ያስከፈለን ዋጋ ከሁሉም የከበደ ነው። በሩቅ ሰሜን ቦልቫንጋር በተባለ ቦታ ትልልቅ ሰዎች ልጆችን ከዴመኖቻቸው በመሣሪያ ይቆርጧቸዋል። ላይራ በአንድ መንደር በዓሣ ማድረቂያ ጎጆ ውስጥ ቶኒ ማካርዮስ የተባለ ትንሽ ልጅ ታገኛለች። ዴመኑ ተቆርጣበታለች። በእሷ ፈንታ አንድ የደረቀ ዓሣ ደረቱ ላይ አጥብቆ ይዟል። ላይራ መጀመሪያ ትሸሸዋለች፤ ፊት የሌለው ሰው ያየች ያህል ይዘገንናታል። ከዚያ ግን ራሷን አሸንፋ ይዛው ትሄዳለች። ልጁ ሌሊቱን አያልፍም። አብረዋት የሚጓዙት ሰዎች ዓሣውን ከእጁ መውሰዳቸውን ስታውቅ በቁጣ ትነድዳለች፤ በዓለም ላይ ለልጁ የቀረለት የመጨረሻ ነገር ዓሣው ነበርና። የዴመኑን ስም በወርቅ ሳንቲም ላይ ጭራ በአፉ ውስጥ ታኖርለታለች። ይህን ገጽ ያነበበ ልጅ፣ ሰው ምን ሲወሰድበት ሰው መሆኑ እንደሚጎዳ ማንም ባያስረዳው ይገባዋል። አስማቱ ባይኖር ኖሮ ይህ ሐሳብ ደረቅ ስብከት ሆኖ ይቀር ነበር። የእንስሳውን ለስላሳ ፀጉርና ሙቀት ስለለመድን ግን ጉድለቱ ይሰማናል።

ሦስተኛው ሥራ በዕድሜ ከሁሉም ይቀድማል። ቲ. ኤች. ዋይት በ1906 በቦምቤይ የተወለደ እንግሊዛዊ የትምህርት ቤት መምህር ነበር። ማስተማሩን ትቶ በገጠር ሲኖር ጭልፊት መሰል አዳኝ ወፍ ለማላመድ ሞክሮ ስለ ሙከራውም ሌላ መጽሐፍ ጽፏል። በ1938 «በድንጋይ ውስጥ ያለው ሰይፍ» የተባለውን ልቦለድ አወጣ፤ በ1958 ደግሞ ከተከታዮቹ ጋር አጣምሮ በአንድ ትልቅ ሥራ አሳተመው። ባለታሪኩ ዋርት የሚባል፣ ወደፊት ንጉሥ አርተር መሆኑን የማያውቅ የማደጎ ልጅ ነው። መምህሩ ሜርሊን መጽሐፍ ከማስጠናት ይልቅ ወደ እንስሳት ይለውጠዋል። ትምህርት ቤቱ የዓሣው ገላና የወፉ ክንፍ ነው።

ሁለቱን ትምህርቶች ብቻ ላንሣ። በመጀመሪያው ዋርት ዓሣ ሆኖ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ባለው ውኃ ውስጥ ይገባል። በዚያ የሚነግሠው አንድ ግዙፍ አሮጌ ዓሣ ነው፤ ፊቱን ጭካኔና ብቸኝነት አበላሽተውታል። ይህ ንጉሥ ለዋርት የሚነግረው በዓለም ላይ ከጉልበት በቀር እውነት እንደሌለ ነው፤ ወዲያውም ሊውጠው ይቃጣዋል። በሁለተኛው ዋርት የዱር ዝይ ሆኖ ከመንጋው ጋር ይሰማራል። ዘብ የሚቆሙትን አይቶ ከሌሎች ዝይዎች ጋር ጦርነት አለ ወይ ብሎ ሊዮ-ሊዮክ የተባለችውን ዝይ ይጠይቃታል። ጥያቄው አይገባትም። ዝይ ዝይን ይገድላል ማለቱ መሆኑን ስትረዳ ትጸየፈዋለች። ዘቡ ለቀበሮና ለአዳኝ ወፍ ነው፤ በሰማይ ለሚበር ሕዝብ ደግሞ ድንበር ብሎ ነገር ከየት ይመጣል?

እነዚህ ትምህርቶች በልጅነት የሚቀሩ ጨዋታዎች አይደሉም። ዋርት ንጉሥ አርተር ከሆነ በኋላ ዕድሜውን የፈጀበት ጥያቄ ጉልበትን እንዴት ለፍትሕ ማስገዛት ይቻላል የሚለው ነው፤ የክብ ገበታውን ባላባቶች ያሰባሰበውም ለዚሁ ነው። በመጨረሻው ጦርነት ዋዜማ ያረጀው ንጉሥ በድንኳኑ ሆኖ ሲያስብ የሚመጣለት የዚያች ዝይ ትዝታ ነው፤ ከላይ ሆኖ ሲያያት ምድር ላይ መስመር እንዳልነበረ ያስታውሳል። ዋይት በኋላ ያከለውን የዝይዎቹን ሐሳብ የጻፈው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አውሮፓን ሲያቃጥል መሆኑን ስናውቅ የልጆች የተባለው መጽሐፍ ምን ያህል ክብደት እንደተሸከመ ይገባናል። የዋርት ዋጋ የሚከፈለው ዘግይቶ ነው። አንድ ጊዜ ከላይ ሆኖ አይቷል፤ ስለዚህ በገዛ ድንበሩና በገዛ ጦሩ ከእንግዲህ ልቡ ሊያርፍ አይችልም።

አሁን ወደ ወላጆች ሥጋት እመለሳለሁ፤ ቀላል ሥጋት አይደለምና። በእኛ አገር አስማት የሚለው ስም ሲነሣ ብዙ አማኝ ቤተሰብ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ይደነግጣል። ልጄ ጥንቆላ ይማርብኛል ብሎ የሚፈራ ወላጅ ልጁን ስለሚወድ ነው የሚፈራውና ሊናቅ አይገባም። የምመልስለት ግን በእነዚህ መጻሕፍት አስማት የሚደገም ትእዛዝ አለመሆኑን ነው። ልጁ ከገጹ ተነሥቶ የሚሠራው አንዳች ነገር አያገኝበትም። አስማቱ የልቦለዱ ዓለም የተፈጥሮ ሕግ ነው፤ የሚፈተነውም የባለታሪኩ ጠባይ ነው። ጌድ የሚቀጣው በትዕቢቱ ነው፤ ለእልህ ብሎ የጠራው ክፉ ጥላ ከደሴት ደሴት ያሳድደዋል። ከዚህ የበለጠ ትዕቢትን የሚያስፈራ መጽሐፍ ለወጣት መስጠት አይቻልም።

ይህን ስል ሁሉም መጽሐፍ አንድ ነው ማለቴ አይደለም። ለምሳሌ የፑልማን ሦስት ቅጾች ከቤተ ክርስቲያን ሥልጣን ጋር በግልጽ ይሟገታሉ፤ ደራሲውም ይህን ሐሳቡን አልሸሸገም። በእምነት ያደገ ልጅ ሲያነባቸው ጥያቄ ይዞ ወደ ወላጁ መምጣቱ አይቀርም። ምክሬ መጽሐፉን ከመንጠቅ ይልቅ አብሮ ማንበብ ነው። ወላጅ አንዱን ምዕራፍ አንብቦ «እኔ በዚህ አልስማማም፤ ምክንያቴም ይህ ነው» ቢል ልጁ ሁለት ነገር ያተርፋል፤ የወላጁን እምነት ከነምክንያቱ ይሰማል፣ ከመጽሐፍ ጋር በክብር መከራከርንም ይማራል። የተነጠቀ መጽሐፍ ግን በድብቅ ይነበባል፤ ያኔ የሚያወያየው ሰው አይኖርም።

ወደ መጨረሻው ክፍል ደረስሁ። የጠቀስኋቸው ሦስቱም ደራስያን ከእንግሊዝና ከአሜሪካ ናቸው። መንገዱ ግን በአፍሪካም ተጀምሯል። በአሜሪካ ከናይጄሪያውያን ወላጆች የተወለደችው ንኔዲ ኦኮራፎር በ2011 ባሳተመችው «አካታ ዊች» የተባለ ልቦለድ ሳኒ የምትባል የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ በናይጄሪያ ከተማ ውስጥ የነብር ሕዝብ ከሚባሉ ባለ ጥበቦች ወገን መሆኗን ትደርስበታለች። ኦኮራፎር የለንደንን ጭጋግ መዋስ አላስፈለጋትም። የአገሩ ገበያ፣ የአገሩ ምግብ፣ የአገሩ እምነት በቂ ሆኖላታል።

እኛስ ምን ጎደለን? በሐረር ማታ ማታ ጅቦችን በስም እየጠሩ የሚመግቡ ሰዎች አሉ። ሰው ሌሊት ጅብ ይሆናል የሚለው አሮጌ ፍርሃት በየመንደሩ ይነገራል፤ ይህ ፍርሃት ስንቱን ባለ እጅ ቤተሰብ ያለ ጥፋቱ እንዳስገለለም እናውቃለን። እንግዲህ አንድ የአማርኛ ደራሲ ቡዳ ተብላ የምትገለል የሸክላ ሠሪ ልጅ ከአንድ ጅብ ጋር ስትተዋወቅ ቢጽፍ ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት። በስሜን ተራሮች ጭላዳና ዋልያ፣ በባሌ ቀይ ቀበሮ አሉ፤ ሦስቱም ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር አይገኙም። የቀይ ቀበሮን ቆዳ ለብሶ በባሌ የሳነቴ አምባ ብርድ አይጥ የሚያድን ልጅ ታሪክ ሊጻፍ የሚችለው ቀበሮዋን በሚያውቅ ሰው ነው። ስለዚህ ለደራስያኑ የምለው ይህ ነው፤ ዘንዶና ግንብ ከመዋሳችሁ በፊት ወጥታችሁ እንስሳውን እዩ። ምን ይበላል፣ መቼ ይተኛል፣ ማንን ይፈራል? ለ ጉዊን ፍየሎቹን፣ ዋይት አዳኙን ወፍ ጠንቅቀው ባያውቁ ኖሮ አስማታቸው ባልታመነ ነበር።

ለመምህራን ያለኝ ልመና አጭር ነው። ተማሪ የሚወደውን መጽሐፍ ይዞ ሲገኝ «ቁም ነገር አንብብ» አትበሉት። የትኛውን እንስሳ ብትሆን ትመርጣለህ፣ ምንስ ታጣበታለህ ብላችሁ ጠይቁት፤ ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይበልጣል። ወላጆችም በአማርኛም ሆነ በእንግሊዝኛ ያገኛችሁትን ለልጆቻችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ እናንተም ደስ ይበላችሁ፤ ደስታ በዕድሜ አይከለከልም።

እናንተ ወጣቶች ደግሞ ስለምትወዱት መጽሐፍ ማንም እንዲያሳፍራችሁ አትፍቀዱ። ነገር ግን ከመጽሐፉ ብዙ ጠይቁ። ክንፍ ሰጥቶ ዋጋውን የማያሳያችሁን፣ እንስሳውን መጫወቻ ብቻ አድርጎ የሚያቀርብላችሁን አስቀምጡትና ሌላ ፈልጉ። የሌላውን ፍጥረት ረኃብና ፍርሃት ከውስጥ እንድታውቁት የሚያደርጋችሁን ስታገኙ ግን ለጓደኛችሁም አውሱት፤ ቢቻላችሁ አንድ ቀን በራሳችሁ ቋንቋ እንዲህ ያለውን ጻፉ። ይህች አገር አንባቢዎችም አውሬዎችም አሏት፤ የጎደላት የሚያገናኛቸው መጽሐፍ ነው፤ ያን መጽሐፍ ከእናንተ መካከል አንዱ ይጽፈዋል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።